የጡሩምባው ቅጂ

አባቴ በተቀበረ ማግስት፣ ህንድ አገር በተከራየኋት ክፍል ውስጥ ሻይዬን ይዤ የከተማዬን የቀብር ማስታወቂያ አነብ ነበር። መርካቶ አንድ የጨርቅ ነጋዴ አርፈዋል። ጅሬን አንዲት እናት አርፈዋል። የአባቴ ስም የለም። ተመስገን ብዬ ላፕቶፔን ዘጋሁና ወደ ትምህርቴ ሄድኩ። ገጹ የራሴ ነው፤ ከሰው ጋር ሆኜ ያቋቋምኩት እኔ ነኝ፤ ጅማ ውስጥ ሞቶ ከዚያ ገጽ የቀረ ሰው አላውቅም ነበር። እስከ ዛሬ የሚያንገበግበኝ ያቺ ተመስገን ናት።

ገጹን የጀመርነው ከሸሪኬ ጋር ነው። ሸሪኬ ሄርማታ መርካቶ የፎቶ ኮፒና የኮምፒውተር ሱቅ ያለው፣ ቅድመ አያቱ ሳይቀሩ ጅማ የተወለዱ፣ በአንድ ወሬ ውስጥ አማርኛና ኦሮምኛውን ካልቀላቀለ የተናገረ የማይመስለው ሰው ነው። እኔ የበቾ ቦሬ ልጅ ነኝ። አባቴ በወጣትነቱ ከሸዋ መጥቶ፣ በአጋሮና በሊሙ የቡና ማጠቢያ ጣቢያዎች ሲያሠራ ያረጀ ሰው ነበር። እናቴ ቀደም ብላ ስላረፈች ቤታችን እሱ፣ ታላቅ ወንድሜና እኔ ብቻ ነበርን።

ሐሳቡ የመጣልን ከእድሩ ጡሩምባ ነው። በሰፈራችን ሰው ሲሞት ጡሩምባ ነፊው ገና ሳይነጋ እየዞረ ይነፋል፤ የሟቹን ስም፣ የቀብሩን ሰዓትና ቦታ ጮክ ብሎ ይናገራል። ክርስቲያኑም ሙስሊሙም ከአልጋው ላይ ሆኖ ይሰማል። ጅዳ፣ ዱባይና ቤይሩት ለተበተነው የጅማ ልጅ ግን ማን ይንፋለት? እኛ እንንፋለት አልን። የሞተውን ሁሉ ከነፎቶው እናወጣለን፤ ሠርግም ቢሆን አንጠላም፣ ግን የምንታወቀው በቀብር ነበር። ሰዎች መንገድ ላይ ሲያዩኝ «አንቺ፣ ደግሞ ዛሬ ማንን ገደልሽ?» ይሉኝ ነበር።

መጀመሪያ አካባቢ አንድ መጥፎ ነገር ደረሰ። አብራኝ የተማረች የአጋሮ ልጅ ጅዳ ሰው ቤት ትሠራ ነበር። እናቷ ሞቱና ሸሪኬ የሰፈሩን ሰው ቃል ይዞ ማስታወቂያውን ወዲያው አወጣው። ዘመዶቿ ደግሞ ለእሷ ገና አልነገሯትም፤ እዚያ ያለ የአገሯ ሰው ፈልገው፣ አጠገቧ ተቀምጦ እንዲያረዳት እያሰቡ ነበር። እሷ ግን የአሠሪዎቿን ምሳ እየሠራች ስልኳን ከፈተች። ደወለችልኝ። «በሰው ኩሽና ውስጥ ቆሜ፣ እጄ ላይ ሽንኩርት እንዳለ አነበብኩት» አለችኝ። ከዚያ በኋላ ሳታወራ ስታለቅስ ሰማኋት።

ከዚያ ቀን ጀምሮ ሕግ አወጣን። የቅርብ ቤተሰብ በአግባቡ፣ ሰው ሄዶ፣ ተቀምጦ መርዶ ሳይነግረው ማስታወቂያ አይወጣም። ሸሪኬ ሥራዬ ብሎ ሟች ላመጣለት ሁሉ «ልጆቹ ሁሉ ሰምተዋል? ውጭ ያለስ የለም?» እያለ ይጠይቅ ጀመር። ጓደኛዬ ይቅር አለችን፤ እንዲያውም ከሁሉ ሰው በላይ ገጹን የምትከታተለው እሷ ሆነች። አሁን የምታማርረው በፍጥነቱ ነበር። «ገጻችሁ እስኪከፈት እኮ ሩዝ ይበስላል!» ትለኛለች።

እውነቷን ነበር። ገጻችን የነበረው ሩቅ አገር በተከራየነው አንድ ሰርቨር ላይ ነው። ከጅዳ የሚከፍተውም ከጅማ የሚከፍተውም እዚያ ድረስ ሄዶ ነው የሚያመጣው። አጋሮ ውስጥ አንድ የታወቁ ሰው የሞቱ ዕለት ሰው ሁሉ በአንድ ጊዜ ሲከፍት ጭራሽ ወደቀ፤ የተነሳው ቀብርተኛው ከተበተነ በኋላ ነው። እኔ ያኔ ስለ ሲዲኤን አነብ ነበርና አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ ሱቁ ሄጄ ለሸሪኬ አስረዳሁት። የገጹን ቅጂ በየአገሩ ባሉት ማሽኖች ላይ የሚያስቀምጥ አገልግሎት ነው፤ የጅዳው ሰው ከአጠገቡ ካለው ቅጂ ያነባል፣ የዱባዩም ከራሱ አጠገብ፤ ሰርቨራችን እፎይ ይላል አልኩት።

«ማለት፣ በየአገሩ አንድ አንድ ጡሩምባ ነፊ እንቀጥራለን ነው የምትዪኝ?»

«እንደሱ ነው።»

«ሜ፣ እስቲ ጉዳቱን ደግሞ ንገሪኝ። የምትሸጪልኝ ዕቃ ይመስል ጥሩ ጥሩውን ብቻ አትንገሪኝ።»

በጅማ በርጩማ ላይ ተቀምጬ ነገርኩት። ቅጂ ቅጂ ነው፤ እኛ እዚህ ያረምነው ስሕተት እዚያ ያለው ቅጂ እስኪታደስ ድረስ ሳይታረም ይቆያል። በእኛና በአንባቢው መሃል ደግሞ ሌላ እጅ ይገባል፤ ያ እጅ ቢበላሽ የእኛ ገጽ ምንም ሳይሆን ሰው ሊያየው አይችልም። ይህን ሁሉ ጭንቅላቱን እየነቀነቀ ሰማኝ። ቀጥዬ፣ እንደ ጥቅም ቆጥሬ፣ አገልግሎቱ ሰው ከየት አገር እንደሚከፍት ስለሚያውቅ ከፈለግን ለየአገሩ የተለያየ ገጽ ማሳየት እንችላለን አልኩት። ለዓረብ አገሩ የዓረብ አገሩን የልቅሶ ቤት አድራሻ፣ ለአዲስ አበባው የአዲስ አበባውን።

እዚህ ላይ ቆመ። የሚጠግነውን ኪቦርድ አስቀመጠ።

«ዋላሂ ይሄኛው አልጣመኝም። ጡሩምባው መርካቶም ሲነፋ በቾ ቦሬም ሲነፋ ቃሉ አንድ ነው። ለዚህኛው ሰፈር ሞተ፣ ለዚያኛው አልሞተም የሚል ጡሩምባ ነፊ እድር ውስጥ አንድ ቀን አያድርም። ሁለት ምላስ ይባላል ይሄ።»

«ማን እንደዚያ ያደርጋል? ቁልፉ ያለው በእኔና በአንተ እጅ ነው።»

ለብዙ ቀናት ተከራከርን። እሱ ገበያተኛው ፊት ሳይቀር «ይቺ ልጅ ጡሩምባችንን ለፈረንጅ ልትሰጥ ነው» እያለ አሾፈብኝ። እኔም «አንተ ገና ፋክስ ላይ ነህ» አልኩት። በመጨረሻ የጓደኛዬ ሩዝ አሸነፈችልኝና «ኤዬ፣ ይሁን። አንቺ ካለሽበት አልፈራም» አለ። አገልግሎቱ ውስጥ ገባን። ጓደኛዬ በማግስቱ ደውላ «ምን ነካችሁ? ገና ስነካው ተከፈተ!» ብላ እልል አለችልኝ። ሸሪኬን እያየሁ ድምፅ ማጉያውን ከፈትኩለት። ሳቀ እንጂ አልተከራከረኝም።

ብዙም ሳይቆይ ለሁለተኛ ዲግሪ ህንድ ሄድኩ። ገጹን ሸሪኬ ያዘው፤ እያንዳንዱን ነገር፣ የሲዲኤኑን መቆጣጠሪያ ሳይቀር፣ አጠገቡ ተቀምጬ አሳየሁት። ተማሪዬ ጎበዝ ነበር። ለአባቴ ደግሞ በየእሑዱ እደውላለሁ ብዬ ማልኩለት። አባዬ ጆሮው እየደከመ ስለነበር ስልክ አይወድም። ማጠቢያ ጣቢያ ውስጥ በሞተር ላይ መጮህ የለመደ ሰው ነውና ስልኩንም እንደዚያው ይጮህበታል። «ድምፅሽ ይርቃል! ቅረቢ!» ይለኛል። እኔም አፌን ስልኩ ላይ ለጥፌ፣ የጎረቤቶቼን እንቅልፍ ገድዬ፣ «ቀርቤአለሁ አባዬ!» እላለሁ።

በመስከረም መጨረሻ አንድ እሑድ ስደውል ያነሳው ወንድሜ ነበር። «ተኝቷል» አለኝ። በሚቀጥለው እሑድም ተኝቷል። ከዚያ ቀጥሎ እሸት ቡናው ደርሶ አጋሮ ወርዷል። ከዚያ ጆሮው ብሶበት በስልክ መስማት አቁሟል። ወንድሜን አውቀዋለሁ። ከልጅነታችን ጀምሮ ሲዋሽ ድምፁን ዝቅ ያደርጋል፤ ያኔም ዝቅ አድርጎ ነበር። ስልኩን ዘግቼ የማደርገው ግን ሁልጊዜ አንድ ነገር ነበር፤ ገጹን እከፍታለሁ። ከላይ እስከ ታች አነባለሁ። አባዬ የለም። ወንድሜ ሊዋሸኝ እንደሚችል አውቃለሁ፤ ገጹ ግን የእኔ ሥራ ነው፤ እሱ አይዋሽም። ገጹን አምኜ ወንድሜን በልቤ እየወቀስኩ እተኛለሁ።

በእነዚያ ሳምንታት ሰው በዛብኝ። ለዓመታት ያልደወለልኝ ሁሉ ይደውላል። ትበያለሽ? ብቻሽን አትሁኚ ይሉኛል። ጓደኛዬም ከጅዳ ያለ ወትሮዋ ቶሎ ቶሎ ትደውል ጀመር። አንድ ቀን አንድ የማይረባ ቀልድ ነገረችኝና እኔ ስስቅ እሷ ሳቋ ተቆረጠ፤ ጉንፋን ይዞኛል አለች። ናፍቄአቸው ነው ብዬ ደስ አለኝ። እንዴት ያለ አገር አለኝ፣ እንዴት ያለ ሰው አለኝ ብዬ ለአስተማሪዎቼ ሳይቀር ጉራዬን ነፋሁ።

አንድ እሑድ ግን አልቻልኩም። ወንድሜን ጮህኩበት። «ድምፁን ካልሰማሁ አልዘጋም፤ ጆሮው ባይሰማ አፉ ይናገራል!» አልኩት። ሰው መጣ ብሎ ዘጋብኝ። ሌሊቱን ስገላበጥ አድሬ ጠዋት ገጹን ስከፍት ከቀብሮቹ በላይ የቡና መልቀም ዜና አየሁ፤ ዜና አናወጣም ነበር፣ ሸሪኬ አዲስ ነገር የጀመረ መሰለኝ። ከዜናው ጋር የአጋሮ ማጠቢያ ጣቢያ ፎቶ አለ። ቀይ እሸት የተቆለለበት ገንዳ፣ ሠራተኞቹ፣ ከኋላቸው ደግሞ ያቺን አሮጌ ካፖርቱን ለብሶ፣ እጁን ወገቡ ላይ አድርጎ አባዬ ቆሟል። ቆሜ አለቀስኩ። በሕይወቴ እንደዚያ ቀን ደስ ብሎኝ አያውቅም። ፎቶውን ላፕቶፔ ላይ አስቀመጥኩት፤ ወንድሜንም ደውዬ ይቅርታ ጠየቅኩት። ወንድሜ «እሺ፣ እሺ» ብሎ ቶሎ ዘጋው።

ፈተናዬን ጨርሼ በታኅሣሥ ተመለስኩ። ጅማ መናኸሪያ የተቀበለኝ ወንድሜ ነው። ጺሙን በዚያው ቀን ተላጭቶ አገጩ ላይ ተቆርጧል፤ የተላጨው ቦታ ከፊቱ ሌላ ክፍል የነጣ ነው። ይህን አየሁ፣ ግን አላሰብኩበትም። ቤት ቀለም እየተቀባ ነው፣ ሽታው ያምሻል ብሎ ጅሬን አክስታችን ቤት ወሰደኝ። «አባዬስ?» ስለው «ጠዋት ይመጣል» አለ። አክስቴ ያለ ልክ አበላችኝ። ዓይኔን ላለማየት ጎንበስ ብላ ነበር የምታወራኝ።

ሲነጋጋ በሩ ተንኳኳ። ነጠላቸውን ያዘቀዘቁ ሴቶችና ጋቢ የለበሱ ሽማግሌዎች ተከታትለው ገቡ፤ ሸሪኬም ከኋላቸው ነበር። ማንም ምንም ሳይል ገባኝ። መርዶ ምን እንደሚመስል ከእኔ በላይ ማን ያውቃል? ሽማግሌው ሲናገሩ ግን የሰማሁት ነገር መሞቱን ብቻ አልነበረም። የሞተው በመስከረም ነው። ቀብሩም አልፏል፤ አርባውም ወጥቷል። እኔ ልጁ፣ አፈር አላለበስኩትም፤ ደረቴን አልደቃሁለትም፤ አርባው ሲወጣ እኔ ለኮምፒውተር ፈተና ተቀምጬ ነበር።

ድንኳን ተተከለ፤ ሰዉ ለእኔ ሲል እንደገና አለቀሰ። ግን ያስታውቃል። እነሱ እኮ ጨርሰዋል። እኔ ስጮህ ይዘው ያባብሉኛል፤ አብረውኝ አይጮኹም። ያን ጊዜ የተሰማኝ ሐዘን ብቻ ነው ብል ውሸት ይሆናል። ተከዳሁ። ከተማው በሙሉ አባቴን አብሮ ቀብሮ፣ አብሮ አልቅሶ፣ አብሮ ተጽናንቶ፣ እኔን ደጅ አስቀረኝ። «ላንቺ ብለን ነው» ይሉኛል ሁሉም። እኔ እንዲቆይልኝ ማንን ለመንኩ?

ሦስተኛው ቀን ካለፈ በኋላ ሌሎቹ ምሳ ላይ ሳሉ ነጠላዬን ለብሼ ወደ መርካቶ ወረድኩ። ሸሪኬ ሱቁ ውስጥ ብቻውን ነበር። ከወንበሩ ተነስቶልኝ ቆመ።

«የአባዬ ማስታወቂያ የወጣው መቼ ነው?»

«በዚያው ቀን» አለኝ። «ምን ላድርግ እህቴ? አጋሮ አለ፣ ሊሙ አለ፣ ገራ አለ፤ ያሠራው ሰው ሁሉ ለቀብር መድረስ አለበት። ካልወጣ ማን ይመጣለታል?»

«እኔስ ለምን አላየሁትም?»

ኮምፒውተሩን ወደ እኔ አዞረው። የሲዲኤኑ መቆጣጠሪያ ነው፤ እኔው ያሳየሁት። አንድ ትእዛዝ አለበት፤ ከህንድ የሚከፍት ሰው ሁሉ ወደ ሌላ ገጽ ይሂድ ይላል። ያ ሌላ ገጽ የራሱ ፋይል አለው። ከፈትኩት። የማውቀው ገጽ ነው፤ የጨርቅ ነጋዴው፣ የጅሬኗ እናት፣ የቡና ለቀማው። በየቀኑ ሁለት ገጽ ይሠራ ነበር። አንዱን ለዓለም፣ አንዱን ለእኔ። የአባዬን ቀብር፣ የአባዬን አርባ፣ የቤተሰቡን ምስጋና እየነቀሰ፣ የቀረውን እያስተካከለ፣ በየጠዋቱ እኔ ሻይዬን ሳልይዝ ይጨርስ ነበር።

«ወንድምሽ ለመነኝ» አለ። «ብቻዋን ናት፣ ሰው አገር ናት፣ ገጹን ትከፍታለች፣ እዚያ አታንብበው አለኝ። የጅዳዋን አስታወስኩ። ሽንኩርቷን። ሕጉን እኮ አብረን ነው ያወጣነው። መርዶ ሳይነገራት አይወጣም አላልንም? ላንቺ አላወጣሁትም።»

«ፎቶውስ?»

ዓይኑን ወደ ኪቦርዱ መለሰ።

«ፎቶው የመቼ ነው?»

«የአምና ነው» አለ። ዓይኑ ውሃ ሞላ። «ወንድምሽ ደውሎ ጠርጥራለች፣ ልትመጣ ነው አለኝ። ዱጋ፣ እውነት እልሻለሁ፣ እሱን ሳደርግ አልቀለለኝም።»

መደበቁን ይቅር ማለት እችል ይሆናል፤ አገራችን እንደዚያ ነው፣ እኔም ለሰው ሁሉ እንደዚያ ሳደርግ ኖሬአለሁ። የሞተ አባቴን አስነስቶ፣ ካፖርቱን አልብሶ፣ ለእኔ ብቻ ማቆሙን ግን ምን ብዬ ይቅር ልበል? ሁለት ምላስ ያለው እሱ ነው። አልጣመኝም ያለው እሱ ነው። እንዲህ ዓይነት ጡሩምባ ነፊ አንድ ቀን አያድርም ያለው ራሱ ነው። እኔ ማን እንደዚያ ያደርጋል ስል፣ ያ ሰው ኪቦርዱን አስቀምጦ ፊት ለፊቴ ተቀምጦ ነበር። ይህን ሁሉ አልኩት። ድምፄ መንገድ ድረስ ተሰምቶ አንድ ባጃጅ ነጂ በበሩ ብቅ ብሎ ሄደ።

ከዚያ ዓለም ያየውን ገጽ ከፈትኩ። የአባዬ ፎቶ፣ ስሙ፣ ቀብሩ። ከሥሩ ደግሞ በወፍራም ጽሕፈት፦ «ልጃቸው ህንድ አገር በትምህርት ላይ ስለሆነች መርዶ አልተነገራትም። የምትደውሉላት ሁሉ አደራ እንዳታሳውቋት።» በራሴ ገጽ ላይ፣ ጅዳም ዱባይም ቤይሩትም፣ ከእኔ በቀር ሰው ሁሉ ስለ እኔ አንብቧል። ለካ ለዚያ ነው የደወሉልኝ። ለካ ጉንፋን አልነበረም።

ማውሱን ከእጁ ወሰድኩ። ማሳሰቢያውን በገዛ እጄ አጠፋሁት። የህንዱንም ትእዛዝ አጠፋሁ። ሸሪኬ በየአገሩ ያለው ቅጂ እስኪታደስ ትንሽ ይቆያል ሊለኝ አፉን ከፈተና ተወው። ለእኔ ነው እንዴ የሚነግረኝ?

ስልኬ ጮኸ። ጓደኛዬ ናት፤ ከጅዳ። የህንድ ስልኬን ስትሞክር አጥታኝ አገር ቤት መግባቴን ጠርጥራለች፤ እሷ ጋ ያለው ቅጂ ግን እስከዚያች ደቂቃ መርዶ አልተነገራትም ይላል።

«ገባሽ እንዴ የኔ እናት? አካም ጂርታ? ደህና ነሽ? መንገዱስ?» አለች፤ ድምፅዋን እንደዚያን ሰሞኑ በግድ አድምቃለች። ትንሽ ቆየችና፣ እየፈራች፣ መጠየቅ ስላለባት፣ «አባባስ እንዴት ናቸው?» አለችኝ።

ሸሪኬ ይሰማ ነበር። ቀና ብዬ ፊቱን አየሁት።

«ደህና ነው» አልኳት። ድምፄን ዝቅ አድርጌ፣ ልክ እንደ ወንድሜ። «ተኝቷል።»

«እሰይ፣ አልሐምዱሊላህ» አለች። «ሲነሱ ሰላም በይልኝ።»